የጥጆቹ መዝገብ

ክዳኑን በጥርሴ ከመርፌው ነቅዬ፣
የጥጃውን አንገት ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣
አንዷን ለሳንባው፣ አንዷን ለተቅማጡ፣
እጆቼ ሳይርዱ፣ ዓይኖቼ ሳይፈጡ፣
ወግቼ፣ ቀን ጽፌ፣ እጄን ታጥቤ መሄድ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ያልጎደለበት ልምድ።
እዚህ ክሌር አገር፣ ዝናብ በማያጣው፣
ላሙን ያልከተበን ጎረቤት ነው 'ሚቀጣው።

ኀሙስ ማታ ብሮና ከቦርሳዋ አውጥታ፣
ፍርፋሪ ያለበት ወረቀት ዘርግታ፣
«አባ፣ ፈርም» አለችኝ። ቆሜ አነበብኩት፤
«የማህፀን በር» የሚል ቃል ላይ ስደርስ ዘለልኩት።

አሥራ ሁለት ዓመቷ። ጉልበቷ የተላጠ፣
ጫማዋ ባዛባ፣ በጭቃ የላቆጠ።
«ከዚያ ጉዳይ ጋራ ምን አገናኛት?» አልኩኝ፤
ከጨው ዕቃው በታች፣ እስኪረሳ ሸጎጥኩኝ።

ከብት ተራ ላይ ደግሞ ዴክላን ጠጋ ብሎ፣
«ተከትባ የወደቀች ልጅ አለች» አለኝ ምሎ።
«የማን ልጅ?» ብለው ግን ስሟን ከየት ያምጣ፤
ማመን ተመቸኝና ጥያቄዬ ታጣ።

ኑአላ ሳህን ታጥባለች። ፊቷን አላዞረች።
«ያን ሊመሪክ የሄድንበት ክረምት…» ብላ አቋረጠች።
ሐኪሙ «በጊዜ ተደረሰበት» ያለን፣
በመኪና ስንመለስ ሬዲዮ የከፈትን፣
ላለመነጋገር።

ትናንት ሌሊት ነበር ጥቁሯ ላም የወለደች።
ልደቱን ልጽፍ መዝገቡን ብገልጥ፣ አንዲት እጅ ቀድማኛለች፤
ከመጨረሻው ጥጃ፣ ከአራት መቶ ሰባት ሥር፣
በክብ በክብ ፊደል፣ በእርሳስ፣ አንድ ትርፍ መስመር፦

«ብሮና። ሴት። አሥራ ሁለት ዓመት።
ባለቤት፦ ፊንታን።
የተከተበችበት ቀን፦»

ከዚያ በኋላ ባዶ።

እንግዴ ልጁ ሳይወርድ፣ ፋኖሱን እንደያዝኩ፣
መሳቅም አማረኝ፣ መቆጣትም ሞከርኩ።
መርፌው አልነበረም ያስፈራኝስ ለካ፤
ቁመቷን ሳላየው፣ የጥጃ ስለካ፣
አድጋለች።

ከጨው ዕቃው በታች ወረቀቱን ሳብኩት፤
ርሷል፤ ብዕር ይቀባል፤ እንደ ምንም ፈረምኩት።
ኑአላ ከደረጃው አናት ቆማ አየችኝ፣
ምንም ሳትል መብራቱን አጠፋችብኝ።

መዝገቡ ላይ ግን ቀኑን ባዶ ተውኩት።
እሷ ትጻፈው። የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል።