ዘጠና አንድ

ከሌሊቱ ሰባት፤ ማራገቢያው ያቃስታል፤
ካን ቶ ሙቀት ለብሳ ላብ ላብ ትሸትታለች።
ስምንት ነን ባንድ ክፍል፤ ሰባቱ ተኝተዋል፤
እኔና አንተ ብቻ፣ አራሚው፣ ነቅተናል።

በሰው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስለ አባቴ ማሳ፣
ጨው ስለገባበት፣ ሩዙ ስለከሳ፣
ጽፌ ላክሁልህ፤ ሦስት ጊዜ ሳልተነፍስ መለስህልኝ፣
ቀይና ሰማያዊ መስመር ከሥር ከሥሩ አስምረህልኝ፤
ስልሳ አንድ ከመቶ።

"ግሱ ኃላፊ ይሁን" ብለህ ታዘኛለህ፤
ስለ እናቴ ቋንቋ አንተ ምን ታውቃለህ?
ግስ እኛ ጋ ልብስ አይቀይርም፤ ትናንት ሆነ ነገ
ባንድ ሸሚዝ ይውላል፤ ማን ሌላ ፈለገ?

ልየን አትጨነቅም፤ "ተቀበል" ትላለች፤
ሁሉን ባንድ ጠቅታ ውጣ ትተኛለች።
ሀው ሲሰድብህ ይውላል፣ ምሳ ሰዓት ሙሉ፤
ማታ ግን በድብቅ ካንተ ጋር ነው ውሉ።

እኔስ?
እውነት ለመናገር አልጠላህም።
ያንኑ ስህተት መቶ ጊዜ ብደግም አይታክትህም፤
መምህርት ካም ፊት እንደምቀላው አንተ ፊት አልቀላም።
እሷ ዘጠና ተማሪ አላት፤
ወረቀቴ ከወር በኋላ ሲመለስ
"ጥሩ" ይላል፤ አንዲት ቃል፣
ጥጉ ላይ የሻይ ጠብታ።

ግን አንዲት መስመር ነበረችኝ፦
አባቴ በየንጋቱ ወንዙን በጣቱ ይቀምሰዋል፤
ወንዙም አፍሮ ዝም ይላል።
አንተም፦ "ወንዝ አያፍርም። ግልጽ አይደለም። ይሰረዝ?"

ሰረዝሁት።
ዘጠና አራት! "መልካም ሥራ" አልኸኝ።
ደግሜ አነበብሁት። ንጹሕ ነው፣
እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ንጹሕ፤
ከዳር እስከ ዳር ሰው የለበትም።
የጨው ነገር ጽፌ
ጨው አጣሁ ከጽሑፌ።

መለስሁት። ወንዙ እንደገና አፈረ።
ቁጥሩም ሦስት ደረጃ ወረደ።
ሰማያዊው መስመር ከሥሩ ተጋድሟል፤
ይጋደም።
መስተዋድዶቹን ግን ተቀብያለሁ፤ እነሱ ላይ ልክ ነበርህ፣
አመሰግናለሁ፤
ያቺን አንዲት ግስም፣ እያጉረመረምሁ፣ ሸሚዟን ቀየርሁላት።

መምህርት ካም እዚያ መስመር ላይ
ብዕሯ ይቆም ይሆን? እንጃ። ዘጠና ነን።

ሊነጋ ነው። አባቴ አሁን ይነሣል፤
ፋኖሱን ይዞ ቦዩ ዳር ይንበረከካል፤
ጣቱን ይነክራል።