ሦስት እግር

ክፍል አልቆ ነበርና ላቦራቶሪ ሰጡን፣
ገንዳው ላይ የብልቃጥ እጣቢ ያልደረቀ፣
ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ፣ ከሃይድሮጅን ጀምሮ
ግማሹ በየክረምቱ እርጥበት የለቀቀ።
አርባ ሦስት ተማሪ፣ ሁሉም ነጭ ጋዋን የለበሰ፣
ልቡ ከኔ ቀድሞ ቲትሬሽን የደረሰ።
"የሥዕል ጥበብ መግቢያ" ብዬ ጻፍኩ በጠመኔ።
አንዱ እጁን አወጣ፦ "መምህር፣ ስንት ክሬዲት ነው?"
ሌላው ቀጠለ፦ "ውጤቱ ይደመራል?"
ሳቁ። ቀድሜ የሳቅሁትም እኔ።

ስልሳ ስላይድ ነበረኝ፣ ሌሊቱን ስደረድር ያደርኩት፣
የዋሻ ጎሽ፣ የገዳም ግድግዳ፣ የሩቅ አገር ሸራ፤
አራተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ፕሮጀክተሩ ጋራ እንደወጣ በሬ አንዴ ተነፈሰ፣
በመስኮቱ የጅሬን ኮረብታ ጉም ለብሶ ጠፋ፣
ቆርቆሮው ላይ ወረደ።
ጅማ ነው፤ ዝናብ ሲናገር መምህር ያዳምጣል።

ጥግ ላይ በርጩማ ነበር፣
የላብ ረዳቱ የአቶ ሸምሱ፣ ከሂርማታ ገበያ የተገዛ፣
ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሦስት እግሩን የዘረጋ፣
ስንት ዓመት ተቀምጠውበት የተወለወለ።
አንስቼ ከሚዛኑ አጠገብ አቆምኩት።
"አስር ደቂቃ እዩት። ያምራል አትበሉ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።"
"ይሄንን?" አሉ። "እቤታችን ሞልቷል!"
"እሱማ ሞልቷል። ማን አይቶት ያውቃል?"

የመጀመሪያው ደቂቃ በጉምጉምታ አለቀ፣
ሁለተኛው በስልክ፣
ሦስተኛው ላይ አንድ እስክሪብቶ ወደቀ።
አምስተኛው ላይ ተማም፣ የመካኒካሉ፣ ጎንበስ አለ፦
"አይነቃነቅም እኮ!
ወለሉ ጎርባጣ ነው፤ የኛ ወንበር በአራት እግሩ ይንገዳገዳል፣
ይሄ ግን... ሦስት ነጥብ አንድ ጠለል ይወስናል፤
የሠራው ሰውዬ ጂኦሜትሪ ያውቃል!"
እኔ፣ አስራ አንድ ዓመት "ቅርጽ፣ ሚዛን" ስል የኖርኩት፣
እግሩን ቆጥሬ አላውቅም። ዝም አልኩት።

ፈይሩዛ፣ የአጋሮ ልጅ፣ ባዮሎጂ፣ ከኋላ ተነሣች፣
ማጉያ መነጽሯን ከጋዋኗ ኪስ አወጣች።
"እኛም እኮ እንስላለን" አለች፣ ዐይኗን ከእንጨቱ ሳትነቅል፣
"የሽንኩርት ልጣጭ፣ በእርሳስ፤
ጥላ አታጥቁሩ፣ አታሳምሩ፣
ያላያችሁትን መስመር አትጨምሩ፣ እየተባልን።"
ጣቷን በመጥረቢያው ጠባሳ ላይ ቀስ አድርጋ ነዳች፦
"ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።
ሰውዬው ግራኝ ነበረ።"
"ወይም ግንዱን ገልብጦት ይሆናል" አለ ተማም።

ከዚያ ወዲያ እኔ አላስተማርኩም።
አንዷ ገለበጠችው፤ አንዱ ማስመሪያ በግራው ይዞ አየር ጠረበ፤
ሌላው እግሮቹን ለካ፤ አንደኛው በሁለት ሚሊሜትር አጠረ።
"ስሕተት ነው" አለ።
"እጅ ነው" አለች ፈይሩዛ።
አቶ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ ከጃንጥላው እየረገፈ፣
"በርጩማዬ ምን አጥፍቶ ነው?" ብሎ ጠየቀ።
መብራቱ መጥቶ ኖሯል። ማንም አላወቀ።

ሰኔ ላይ ከዲኑ ቢሮ ቅጽ መጣ፦
"ኮርሱ ያስገኘው፣ ሊለካ የሚችል ለውጥ"፣ ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር።
ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ደግሜ ጻፍኩ።
አጥፌ ኪሴ ከትቼ ለምሳ ወጣሁ።
ካፌው ውስጥ ተማምን አየሁት፤
ጓደኞቹ ሽሮ አዝዘው ይጨቃጨቃሉ፣
እሱ ቀዩን የፕላስቲክ ወንበር ገልብጦ
ሆዱን ያያል፣ የቅርጹን ስፌት በአውራ ጣቱ ይከተላል።
አስተናጋጁ ትሪ እንደያዘ ቆመበት፦ "ምን ጠፋህ?"
"ምንም" አለ፤
ወንበሩን ግን ቶሎ አላወረደም።