ዘመን መረጣ

ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጠን፣
ሁለት መቶ እግረኛ ወለድን፤
ከጣት ያነሱ፣ ዓይን የሌላቸው።
ነደባው ተራራ ሆነ፣ ቀዩ ወለል ሜዳ፤
ዘመን መምረጡ ግን ሆነብን ዕዳ።

«ግብጾቹ ይግቡ» አለ አብዶሽ፣ «መድፍ አለ፣ ቀይ ታርቡሽ አለ።»
«ቀይ ቀለምህማ ለወለሉ ዋለ!»

ፈትሒያ ካርቶን እየቀደደች፣
አምስት በር እያቆመች፣
«ጀጎል የታጠረ ሰሞን ይሁን» አለች።
«ጠላቱስ?»
«ጦር ነበር። ከጦሩ ይልቅ ረሃቡ ባሰ።»

ዝም አልን።
እርሳሱ በጣሳው ውስጥ ቀዘቀዘ።
ረሃብ በምን ሻጋታ ይፈሳል?
ዳይሱ ስድስት ሲወጣ፣ ስንት ጣት ይራመዳል?

አብዶሽ ከበሩ ሥር አሥር ወታደር አነሳ፣
ቦታውን ባዶ ተወው።
«በሉ» አለ፣ «የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው።»