ሠላሳ አንድ ከመቶ

ከኮዬ ፈጬ ነው፣ በሚኒባስ ወንበር አጋድመው ያመጧቸው፣
ወይዘሮ ብርነሽን፤ ሁለት የብሎክ ልጆች በጋቢ ተሸክመዋቸው።
ራጁ ላይ የጭናቸው አጥንት፣ አንገቱ ላይ ተቀንጥሶ፣
ወደ ጎን ጋደል ብሏል፣ ዳሌያቸውን ተንተርሶ።

እኔ ማሽኑ ፊት ነኝ፤ ጥያቄውን ደርድሮ ይጠብቃል፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣ አንዱ ሳይሞላ ሌላውን አይከፍትም፤ ደጋግሞ ይጠይቃል።

ዕድሜ?
«አንበጣው ሲመጣ የፊት ጥርሴን ነቅዬ ነበር፤ አስላው።»
አሰላሁት። ሰባ አራት።
የደም መጠን? ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
ከወደቁ ስንት ሰዓት?
ሰባ ያህል። ሁለት ሌሊት ወጌሻ ሲያሻቸው፣
አንዱን ደግሞ መኪና የሚከፍል ዘመድ ሲፈለግላቸው።
ለወጌሻ የሚሆን ሣጥን የለም። ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ።

ይኼ ማሽን የተማረው በሌላ አገር አሮጊቶች ነው፣
ሊፍት ባላቸው፣ ውኃ ከጣሪያ በሚወርድላቸው።
ሞራ አላነበበ፣ ጠጠር አልጣለ፣ ኮከብ አልቆጠረ፤
የሺዎችን አጥንት አጥንቶ ነው እዚህ ቁጥር ላይ ያደረ፦
ሠላሳ አንድ ከመቶ፣ ዓመት ሳይሞላ የመሞት ዕድል።

ሞትንም ዕድል ነው የምንለው፤ ሌላ ቃል አላገኘንለት።

«ምን ይላል?» አሉኝ፣ ዓይናቸው ከስክሪኑ ሳይነቀል፣
ከመቶ ሰው፣ አልኳቸው፣ ሠላሳ አንዱ… ጉሮሮዬ ላይ ቀረ ቃል።

«ተወው፣ ገባኝ፤ ሃያ ዓመት የዕቁብ ዳኛ ነበርኩ፣
ስንቱን ዕጣ ጠቅልዬ፣ ጣሳ ውስጥ በዚህ እጄ ጨመርኩ።
ዕቁብ የማይደርሰው የለም፤ ጠቡ ሁሌ በተራ ነው።
አሥራ ሦስት ዓመት ቆጥቤ የወጣልኝ ዕጣ ነው
አራተኛ ፎቅ የሰቀለኝ፣ ውኃ የማይደርስበት፤
ጀሪካን ይዤ ስወጣ፣ ሁለተኛው እጥፋት ላይ፣ እግሬ ከዳኝ ድንገት።
ማሽንህ ይኼን ጠይቋል?»

አልጠየቀም።

ብረቱ እስኪገዛ አራት ቀን አለፈ፤ የብሎኩ ሰው አዋጣ።
ሐሙስ ሌሊት ተሰፉ። በሁለተኛው ሳምንት ምርኩዛቸው በሩን ሲወጣ
ያንን ደረጃ አሰብኩት።

መዝገቤ ኅዳግ ላይ፣ ማሽኑ በማያየው፣ በእስክርቢቶ መስመር አሰመርኩ፤
«ስንተኛ ፎቅ?» ብዬ ጻፍኩ።
ከእሳቸው ወዲህ የመጡት አርባ ሦስት ናቸው። ሁሉንም ጠየቅኩ።

ትናንት ደወሉ። ምድር ቤት ካለ ጎረቤት ጋር ተለዋውጠው ገብተዋል፤
ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ወር ይቀራል።
«ዕቁብ ልጀምር ነው» ይላሉ፣ «ትገባለህ?»