ሐሞት ዳር የተኙ

ጀህራ ላይ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣
መወልወያ ይዤ፣ ከመስታወት ኋላ፣
«ሠላሳ ሰባት» ይላል የሣጥኑ ቁጥር፤
ቀን ውጭ ሃምሳ ነበር፣ አሸዋም በአየር።
እንደ እናት ማህፀን ለክቶ አሙቆ
ያኖራል አንድ ነገር፣ ከዓይን በታች ደቅቆ።
«ግንደ ሕዋስ ነው» አለኝ ሱዳናዊው ጣሂር፣
«ሁሉን የሚሆን ነው፣ ያልወሰነ ፍጡር።»

ግንድ ቢለኝ ታወሰኝ የሐርቡ ባሕር ዛፍ፤
አባባ የጣለው፣ ከጉቶው ጠርዝ አፋፍ
ለክረምት የሚልክ አምስት ስድስት ቅርንጫፍ።
የዚህ አገር ተምር ግን አናቱን ከቀሉት
ቆሞ ይደርቃል እንጂ ቡቃያ አታዩበት።

እንድሪስ ወንድሜ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆነ፤
እማማ «የወፍ ነው» አለች፣ ድምጿ እየመነመነ።
ወፏ በየት መጣች? ዛፍ በሌለው መንገድ፣
የሳልሚን አስፋልት በቦቴ ስትወርድ?

ጣሂር በጓንት ካርቶን ጉበት ሳለልኝ፣
«ቢቆርጡት ይሞላል» ብሎ አሳየኝ፤
«ጎረቤት ሕዋሱ እየተከፈለ፤
ያ ሲደክም ደግሞ ተጠባባቂ አለ፣
ከሐሞት ቦይ ዳር የተኙ ጥቂቶች፣
ቀን እስኪከፋ ድረስ ሥራ ፈት እንቅልፋሞች።»

ሐሞት ዳር! ሳቅሁበት፤ ለእኛ ሐሞት ወኔ፤
ፓስፖርቴን ሲነጥቁኝ ፈሶ ነበር የእኔ።
ማን ከዳሩ ተኝቶ እንደነቃልኝ እንጃ።

«ግን ጠባሳ ካለ» አለ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣
«ቡቃያ በምን ይውጣ በድንጋይ ውስጥ ሰርጎ?
ይሄ ሙከራ ነው፤ መድኃኒት አትበዪው፤
ገና ነው። ለእንድሪስ ተስፋ ብለሽ አትሽጪው።»

አልሸጥሁም። ሰኞ ዕለት ተመረመርሁልህ፤
ደሜ ከደምህ ጋር ገጠመ፤ ፈረምሁልህ።
ግማሹን ይውሰዱት፤ የእኔ ጉቶ ያበቅላል፣
«በወር በሁለት ወር» ጣሂር እንደሚል፣ ይሞላል።
ያንተን ግን እንጃ። እሱም እንጃ ብሏል።

ድሮ ማዳም ኑሪያ ልጇን ስታቆላምጥ
«ጉበቴ» ትለው ነበር፣ እኔ ሽንኩርት ስልጥ፤
ሰው በአንጀቱ ነው እንጂ በጉበት ይወዳል?
ብዬ
በሆዴ ስቄባት ነበር።

ለእማማ አትንገር። ከዳንህ «ወፏ በረረች» በላት፤
ካልሆነም እኔ አለሁ፣ የምላት አላጣላት።

ዛሬ ነርሷ መጥታ ሙቀቴን ለካች።
«ሠላሳ ሰባት» አለች።
እንደ ሣጥኑ።
ሳቅሁ፤ አልገባትም።