ራሱ ሲለቅ

የጥንቱ መጥበሻ ሥሩ ተበስቶ
ዘይቱን ለእሳት ሰጠ፣ ዓሣውን ረስቶ።
ዕቁብ ደረሰኝና በጥቅምት ቅዳሜ
ሌላ ገዛሁ ከገበያ፣ ሻጩን አድክሜ።
«አይዝግም፣ አይበሳም» አለኝ እየማለ፤
ፊቴን አየሁበት፤ ግንባሬ ላይ ያለ
ያ የዘይት ጠባሳ፣ የፍንጣሪ ሥራ።
ይኼማ መስታወት ነው፣ አልኩ፣ ለሙሽራ።

ሰኞ ማለዳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣
ቆሮሶ ተረከብኩ ከአንጓች፣ በቁጥር፤
ቅርጫቷ ውሃ እያንጠባጠበ፣
አንዱ ገና አፉን ይከፍታል፣ አየር እየሳበ።
ዘይት አፈሰስኩ፣ ዓሣ ጣልኩ፣ እሳት ለኮስኩ፣
ሁሉን ባንዴ፣ እንደለመድኩ።

ተጣበቀ።
እንደ ዕዳ። እንደ ዘመድ ክስ።
በማንኪያ ብገፋው ቆዳው ቀረ፣ ሥጋው ፈረሰ፤
ጭራው በአንድ በኩል፣ ራሱ በሌላ፤
«ዓሣ ፍርፍር ነው ወይ?» አለ ባለ ባጃጁ፣ ሄደ ሳይበላ።
ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው።
በአሸዋ ፈተግኩት፣ በሽቦ ፋቅኩት፣
መስታወቱን አጨለምኩት፣
ፊቴ ጠፋ። እሰይ፣ አልኩት።

ወደ ማታ ይርሳው መጣ፣
ድሮ የሆቴል ወጥ ሠሪ፣ ዛሬ ዓይኑን ሞራ የጋረደው።
ብረቱን በጥፍሩ ኳ አደረገው፣ ሰማው።
«ደኅና ነው፤ ቸኩለሽበት ነው። ባዶውን ጣጂው።
ዘይት አይንካው፣ እሳቱ ይቅደም።
ከጣትሽ ጫፍ ውሃ ጠብ አድርጊ፤
ችስስ ብላ ከሞተች ገና ነው፣ አትጠጊ።
ዶቃ ሆና ከሮጠች፣ ካልረጋች ባንድ ቦታ፣
ያኔ ዘይት፤ ያኔ ዓሣ፣ በዝግታ።
ዓሣውን ግን አድርቂው፤ እርጥብ ነገር ይጣበቃል።
ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። ሲደርስ ራሱ ይለቃል።»

እጄን ሰብስቤ አላውቅም።
ሠላሳ ዓመት የነካሁትን ሳገላብጥ፣
ልጄንም ሳገላብጥ፤ «በላህ ወይ? መቼ ነው የምታገባ?»
ሳይደርስ እየቆሰቆስኩት፣ ማታ ማታ፣ ጠባ አልጠባ፣
ሐዋሳ ሄደ፣ ሌላ ሐይቅ ፈልጎ።
ቆዳው እጄ ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ ባዶውን ጣድኩት።
ጠብታዋ ሮጠች፤ የብረቱን ሜዳ ዞረች እንደ እብድ፣
ዘይቱ ቀጭን ሽብሽብ ሠራ፣ እንደ ጣና ጠዋት ገጽ።
ዓሣውን በነጠላዬ ጫፍ አደረቅኩት (ለአንጓች አትንገሩብኝ)፣
አስተኛሁት፣
እጄን ብብቴ ውስጥ ደበቅኩት።
ደንገሉ ጋ አንድ ሻላ ቆሟል፣
ከነጋ አልተነቃነቀም፤
እሱን እያየሁ ቆጠርኩ፣ ሰማንያ ላይ ተምታታብኝ፣
ደግሜ ከአንድ ጀመርኩ።
ማንኪያዬ ጠርዙን ቢነካው
ዓሣው ተንሸራተተ፣ ሙሉ፣ ቀይ፣ ከነቅርፊቱ መስመር፤
ጭራው ብቻ ትንሽ ቀረ።
እዚያ ላይ ውሃ አፈሰስኩ፤ እሱም ለቀቀ፣ ቆይቶ።

ስልኬ ከመቀነቴ ሥር ነው። እጄ ይበላኛል።
«ለነገ ስንት ላምጣልሽ?» አለች አንጓች።
ሃያ፣ አልኳት። ሻላውን ሳየው
አሁንም ቆሟል።