ደረሰኝ

ሰዓት ጠጋኝ ነበር፣ ቤዛንሶን ከተማ፤
የብረት ምት ሲያርም ኖሮ፣ የራሱን ሳይሰማ
ኦክታቭ ልቡ ሰነፈበት።
የክብሪት ሣጥን የምታህል ባትሪ ቀበሩበት፣
ፕሉቶኒየም ያለባት።

«ቁልፍ አትሻም ይቺ፤ ካንተ ትሰነብታለች»
አሉት። ሉሲል ግን ያን ሌሊት ጎኗን አዞረች፤
ጨረር ያዘለ ደረት እንዴት ይታቀፋል?
ቆጣሪ አመጡላት፤ ጥቂት ያንሾካሹካል።
ወር ሙሉ በቀኙ ተኛች። በረዶ ሲጥል አንድ ሌሊት
በግራው ጆሮዋን ጣለች፤ ያው ልብ ነው፣ ያው ምት።

ሠላሳ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ሳምባው ነው የገደለው፤
የሱቁ ሰዓት ሁሉ ቆመ፣ ቁልፉን የሚያዞር ጠፍቶ ሰው።
ከሆስፒታል ወጣት መጣ፣ የእርሳስ ሣጥን አንጠልጥሎ፣
«ይህቺ አብራ አትቀበርም» ብሎ።

ደረሰኙ ላይ ፈረመች።
«አሁንም ትሠራለች?» አለች።
«ገና ብዙ ዓመት።»
ወጣቱን ሸኝታ፣ ከሱቁ አንዱን ሰዓት
በቁልፍ ሞላች።